ዕዳ የሚገባው በጥጋብ ወር ነው

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት እንዲስማማ ተደርጎ የተጻፈ)

  

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቁጠባ ነው። ቁጠባ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የባንክ ደብተር ወይም እጁ የማይፈታ ስስታም ሰው ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ መለስ ብዬ በእኛው አገር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በጂጋ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ከዕዳ እንዴት ይሸሹ እንደነበር ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ሰው ያላሰበው ጣጣ ሲደርስበት «ዕዳ ከሜዳ» ይላል። አባባሉ ለሌላው ጣጣ ይሠራ ይሆናል፤ ለገንዘብ ዕዳ ግን ብዙም አይሠራም። በምዕራብ ጎጃም የገበሬው ዕዳ የሚመጣው ከሜዳ ሳይሆን ከገዛ ጎተራው በር ነው። የሚመጣበትም ወር ሰው እንደሚያስበው ሐምሌ አይደለም፤ ጥር ነው።

ነገሩን በወራት እንመልከተው። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ይሰበሰባል፣ ይወቃል። ጥር ላይ ጎተራው ሙሉ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እህል ስለሚኖረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ነጋዴው አማርጦ ይገዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ግብር የሚከፈለው፣ የማዳበሪያ ብድር የሚሰበሰበው፣ ሰርግ የሚደገሰው፣ ልብስ የሚገዛው በዚሁ ሰሞን ነው። ከዚያ ክረምት ይገባል። በጥር በርካሽ የወጣው እህል ሐምሌና ነሐሴ ላይ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ብር ከሌለም በዱቤ ይመለሳል። አበዳሪው ደጅ የሚጠናው በነሐሴ ስለሆነ ዕዳው የነሐሴ ይመስለናል እንጂ የተዘራው በጥር ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በእኔ ግምት ቁጠባ ብለው የያዟቸው ልማዶች ሁሉ ማለት ይቻላል ጥርን በሰላም ለማለፍ የታሰቡ ናቸው።

ዲናችን ብድርን አልከለከለም። በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ፣ ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሚናገረው ዕዳ እንዴት እንደሚጻፍና ማን እንደሚመሰክርበት ነው። 280ኛውም የተቸገረ ተበዳሪ እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሡት ያዛል። ይሁንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ኖሮበት መክፈያ ሳይተው በሞተ ሰው ላይ ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱ ነግረው እሳቸው ግን ሳይሰግዱ እንደቆዩ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሱ ላይ ሲወስድ ብቻ እንደሰገዱበት በሐዲስ ተዘግቧል። ዕዳው ጥቂት ዲናር ነበር። ዕዳ ትንሽም ብትሆን እንዲህ ትከብዳለች።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በደጋው ጎጃም ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን ባለ ርስት አልነበረም። የቀሩለት ሥራዎች በአብዛኛው ሽመናና ንግድ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬው ምሥራቅ ጎጃም፣ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከእናርያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ከሰሜን ከሚወርደው ጨውና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ንግድ ጽፎ ትቷል። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበር፣ የእኛ ነጋዴዎችም እጅ እንደነበረበት መደበቅ አይገባም። ወደ እኛ ቀረብ ሲል ደግሞ ቡሬ አለች፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወጣው መንገድ ዛሬም መነሻው እርሷ ናት።

የዚያን ዘመን ነጋዴ ትርፉን በምን ያስቀምጥ ነበር? የዕለቱ ገንዘብ አሞሌ ነው፤ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ የጨው ጡብ። ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ ጎጃም ሲደርስ የከበረ ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ ይበላል፣ ይሰበራል፣ በእርጥበት ይሟሟል። አሞሌ ከምሮ ክረምትን የሚጠብቅ ሰው ሀብቱ ወደ ውሃ ሲለወጥ ያያል። ስለዚህ አሞሌ ለዕለት ወጪ፣ የተረፈው ደግሞ ወደ ጠገራ ብር ይለወጥ ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይመታ መቼ ዓመቱ 1780 የሚል፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ነው። ይህም ቢሆን እጅ ላይ አይቀመጥም። ወይ በማሰሮ ይቀበራል፣ ወይ አንጥረኛ ቤት ሄዶ ድሪና አልቦ ሆኖ ይመለሳል። በሸሪዓ የሴት ጌጥ የራሷ ሀብት ስለሆነ ባል ገበያ ሲያምረው አውልቆ የሚሸጠው አይደለም። እንግዲህ ገንዘቡ የተቀመጠው እጅ ቶሎ በማይደርስበት ቦታ ነበር ማለት ነው። የዛሬ የቁጠባ መምህራን በብዙ ወረቀት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ሸማኔው ግን ጠገራ የሚያጠራቅም ሰው አልነበረም። የእርሱ ቁጠባ ድርና ማግ ነው። ጋቢውን ወይም ነጠላውን በገበያ ቀን ሲሸጥ ከገንዘቡ ላይ አስቀድሞ የሚያወጣው የሚቀጥለውን ፈትል ዋጋ ነው፤ በርበሬውና ቡናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የፈትሉን ዋጋ የበላ ሸማኔ በሚቀጥለው ሳምንት ፈትል በዱቤ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ሸማው ገና ተሠርቶ ሳያልቅ የነጋዴው ሆነ ማለት ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ቤታችን እህል ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ልቃቂት ሲያልቅ ግን አላየሁም።

መሬት መከልከሉ ግፍ ነበር፤ ይህን ማለሳለስ አይቻልም። ሆኖም ከአንድ ወጥመድ አድኖታል። ባለ ርስቱ ገበሬ ሲቸግረው ማሳውን በወለድ አገድ ያስይዝ ነበር። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ምርቱ በወለድ ይቆጠራል እንጂ ከዋናው ብድር ላይ አንድ ብር አይቀንስም። ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው ከመሬቱ ነው፣ መሬቱ ያለው ደግሞ በአበዳሪው እጅ ነው፤ እንዲህ እያለ ዕዳው ለልጅ ይተርፋል። ልማዱ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወለድ አገድ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። በሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድ ለአበዳሪው ጥቅም እንዲያመጣ ውል የታሰረበት ብድር ሪባ ነው፤ ጥቅሙ በብር ሳይሆን በበቆሎ መምጣቱ ስሙን አይለውጠውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ሙስሊሙም እንደ ጎረቤቱ መሬት አገኘ። የአባቴ ትውልድ ያን ቀን የሚያነሣው በዱዓ ነው። አዋጁ መሬት መሸጥንና ማስያዝን ስለከለከለ ወለድ አገድም በሕግ አብሮ ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የመሬት አዋጅ ግን በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቀደ። ለውኃ መሳቢያ፣ ለከብት ማድለቢያ የሚሆን ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ለሰርግ የሚፈርም ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት አያቱን ስለ ወለድ አገድ ቢጠይቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጎተራው እንሂድ። በደጅ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ የተለሰነው ጎተራ አለ፤ በቤት ውስጥ ጎታና ድብኝት አለ። የትኛው እህል የት እንደሚገባና የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስኑት እናቶች ነበሩ፤ ይህ ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ጤፍና ዳጉሳ ነቀዝ አይደፍራቸውም፤ ዳጉሳ በደንብ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። በቆሎና ማሽላ ግን ይነቅዛሉ። ስለዚህ ቀድሞ የሚበላው የሚበላሸው ነው፤ ዳጉሳው ከታች ሆኖ ክፉ ዓመትን ይጠብቃል። እንጀራውም ቅይጥ ነበር፤ ጤፍ ከዳጉሳ ጋር። ዛሬ ልጆቻችን ጥቁር እንጀራ ሲቀርብላቸው እንደ ድህነት ያዩታል። ጉዳዩ ግን ሒሳብ ነበር፤ ጤፉ ከተማ ሄዶ ዋጋ ያወጣል፣ ዳጉሳው ቤተሰብ ይመግባል። የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ መንገደኛው ከቤት በሶና ቆሎ ቋጥሮ ይወጣል እንጂ ምግብ ቤት አይፈልግም።

በዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ውስጥ ለሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የተሰጠው ምክር ለመብል ከሚሆነው ጥቂት በቀር አዝመራውን ከነዛላው ማስቀመጥ ነው። እኔ ይህን ታሪክ መድረሳ ውስጥ ስማር ትርጉሙን ያወቅሁት ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ኮሌጅ ገብቼ ስለ እህል ክምችት ስማር ሌላ ነገር ታየኝ። የእኛ እናቶች በቆሎውን ሳይፈለፍሉ ከነልባሱ ጎተራ የሚያስገቡት ነቀዙ እንዲዘገይ ነው። ምክሩም ሆነ ልማዱ የጥጋብን ዘመን የሚያየው የችግር ዘመን መዘጋጃ አድርጎ ነው።

እዚህ ላይ የቅርብ ዘመን ታሪካችንን ማንሳት ግድ ይላል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲስፋፋ እንደ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ያሉ ወረዳዎቻችን ይበልጥ የበቆሎ አገር ሆኑ። በባኮ ምርምር ማዕከል የተገኘው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዝርያ ማዳበሪያ ሲጨመርበት ምርቱ ከድሮው ጋር አይወዳደርም። በረሃብ ስሟ ለተነሣ አገር ይህ ኒዕማ ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ዘሩና ማዳበሪያው በብድር ይሰጥ ነበር፤ የክልሉ መንግሥት በበጀቱ ዋስ ይሆን ነበር፤ ብድሩ የሚሰበሰበው አዝመራ እንደገባ ነበር። ወሩን ልብ በሉልኝ።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አዝመራው ያዘ። በቆሎ በየቦታው ሞላ፤ የሚገዛው ግን ጠፋ። መንገዱ ጥቂት፣ መጋዘኑ ጥቂት፣ ከምርት አገር ወደ እጥረት አገር የሚያደርስ ነጋዴ ጥቂት ነበር። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ለአንዳንዱ ገበሬ ሰብስቦ ማጓጓዙ እንኳ የማያዋጣ ሆነ። ዕዳው ግን በዋጋው ልክ አልወረደም። ቀድሞ በጥቂት ኩንታል የሚከፈለው የማዳበሪያ ብድር አሁን ብዙ ኩንታል ጠየቀ፤ እህሉ ያልበቃለት ከብቱን ሸጠ። በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል? ብዙ ገበሬዎች በቀጣዩ ወቅት ማዳበሪያ መውሰድ ቀነሱ፣ በዚያው ላይ ዝናቡ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 13 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ከዚያ የጥጋብ ዓመት እስከዚህ የረሃብ ዓመት ያለው ርቀት አንድ ክረምት ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የበቆሎ ውድቀት ነበር።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። የማይቆይ እህልና የማይጠብቅ ዕዳ በአንድ ጎተራ ውስጥ ተገናኙ። ዳጉሳና ጤፍ የያዘ ሰው ዋጋ እስኪነሣ ሊጠብቅ ይችላል፤ በቆሎ የያዘውን ከኋላ ነቀዝ፣ ከፊት ሰብሳቢ ይገፋዋል። ስለዚህ ዛሬ በቆሎ የምታመርቱ ወገኖቼ፣ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በአገራችን ገበያ ላይ ይገኛል፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። አዝመራውን ሁሉ በእርሱ ማስቀመጥ ባትችሉ የተወሰነውን አስቀምጡ። በጥር የሚሸጠው ለማይቀር ክፍያ የሚበቃው ብቻ ይሁን።

«እህሉን ሸጦ ብሩን ማስቀመጥስ?» የሚል ይኖራል። የወረቀት ገንዘብ ታሪክም ያስተምረናል። የጣሊያን ሊሬ አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። በ1937 ዓ.ም. ጠገራውን የሚተካው የንጉሡ የወረቀት ብር ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እርሱን ለወጠ፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬዎቹ ኖቶች ይፋ ሆኑ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜም ሦስት ወር ነበር። በማሰሮ የተቀበረ ወረቀት ጠገራ አይደለም፤ አዋጅ ይሽረዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የብር ዋጋ በእጅጉ ወረደ። በግ፣ ጊደርና ባሕር ዛፍ የገበሬው ባንክ ሆነው የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ በኩል ከብትም ይሞታል፣ ይዘረፋል፤ ባሕር ዛፍም የጎረቤትን ማሳ ያደርቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባንክ ያለው ገንዘብ የማይደረስበት ቀን እንደሚመጣም አየን። ያን ቀን ያዋለው ድብኝት ውስጥ ያለው ነው። ሀብቱን በአንድ ቦታ ያላደረገ ሰው በአንድ ቀን አይራቆትም።

ስለ ዕቁብ ጥቂት ልበል። ዕቁብ የሠራው ሰው እርስ በርስ ስለሚተፋፈር ነው። ገንዘቡ በሌላው ኪስ ውስጥ ስላለ ባለቤቱ ሲያምረው አውጥቶ አይበላውም። በከተሞቻችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕቁብ ይጥላል፤ ይህም በጎ ነው። ጭማሪ የሌለበት መበዳደር ስለሆነ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ፈቅደውታል። የሚያስቸግረው ዕጣን መሸጥ ነው። የቸገረው ሰው ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣውን በቅናሽ ሲገዛ፣ ማለትም ትልቁን ገንዘብ ቶሎ ለማግኘት ጥቂቱን ሲለቅ፣ ያች ጥቂት ገንዘብ የጊዜ ዋጋ ናት። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል፤ ይህኛው ግን በሳቅና በምርቃት መካከል ስለሚፈጸም ማንም ስሙን አይጠራውም። የተቸገረን ሰው ዳኛውና አባላቱ ተስማምተው ያለ ቅናሽ ቢያስቀድሙት ግን ሁለት አጅር ነው።

ተቋማቱንም መርሳት የለብንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ባንክ ለማያውቀው ገጠር ብድርን በቡድን ዋስትና አደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። በወለዱ ምክንያት ብዙ ሙስሊም ገበሬ ከዚህ ርቆ ቆየ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመስኮት ፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ይህ ለነጋዴው ጠቅሟል። ለአንድ ጥማድ ገበሬ ግን ዋናው ጥያቄ አሁንም የማን ባንክ የሚለው አይደለም፤ መክፈያው ወር መቼ ነው የሚለው ነው። ከወለድ ነፃ የሆነ ውልም ቢሆን በጥር የሚከፈል ከሆነ እህልን በርካሽ ያስወጣል። ስትዋዋሉ ቀኑን ወደ ግንቦት ለማስጠጋት ተከራከሩ።

በመጨረሻ የእኛን፣ የሙስሊሞቹን፣ ልዩ ጉዳይ ላንሣ። ክርስቲያን ወንድሞቻችን ፋሲካቸውም መስቀላቸውም በየዓመቱ በዚያው ወቅት ስለሚመጣ ወጪያቸውን ከአዝመራው ጋር አስተካክለው ያውቁታል። የእኛ ወር ግን በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2003 ዓ.ም. ረመዳን በአብዛኛው በነሐሴ ዋለ፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር ማፍጠሪያውም ዒዱም መጣ። ያን ጊዜ በየገጠሩ በዱቤ የተገዛውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እናቶች ዱቄት በሰፈሩ ቁጥር አንድ እፍኝ እህል ለብቻው በቅል ማስቀመጥ የያዙት ለእንዲህ ዓይነቱ ዓመት ነው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነበር። ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት በጥር፣ በታኅሣሥና በኅዳር ይውላል። ያን ጊዜ ዒዱ፣ ሰርጉ፣ የማዳበሪያው ክፍያና የእህሉ ርካሽ ዋጋ በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ፤ ጎተራው ሙሉ ስለሚሆንም ማንም እፍኟን አያስታውስም። ረመዳን ወደ ነሐሴ የሚመለሰው በ2036 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዛሬ መድረሳ የሚገቡት ልጆች ያን ጊዜ የራሳቸውን ጎተራ የሚያስተዳድሩ ይሆናሉ።